ግራጫ ማካሮን ይሻለኛል

የፊሊፒንሱን ሐምራዊ ቦዬ፣ ኡቤን፣ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ሐምራዊ አይስክሬም፣ ሐምራዊ ኬክ፣ ሐምራዊ ዳቦ በየስልኩ ሲዘዋወር ስለ ጣዕሙ የሚያወራ ሰው እምብዛም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፊሊፒንስ ምግብ ቤት ኡቤ የተሞላና በወርቅ ቅጠል የተሸፈነ ዶናት በ100 ዶላር ሲሸጥ ወሬው ብዙ ቦታ ደርሷል፤ ያኔም ቢሆን ስለ ወርቁና ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ሥሩ የተናገረ ጥቂት ነበር። ከእንቁላል ነጭና ከአልመንድ ዱቄት የሚጋገረው የፈረንሳዩ ማካሮንም ከዚሁ ወገን ነው። መስታወት ውስጥ በቀለም በቀለሙ ተደርድሮ የሚሸጥ፣ ገዢው በጣቱ እያመለከተ የሚመርጠው ጣፋጭ ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ደማቅ ሐምራዊ ነው።

ከእኔ ኦቨን የሚወጣው ግን ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ ያዘነበለ ማካሮን ነው። ሊደምቅ የሚችልበትን መንገድ አጥቼው አይደለም። አውቄ ትቼዋለሁ።

ኡቤ ማለት ፊሊፒኖች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የቦዬ ዓይነት ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዲዮስኮሪያ አላታ ብሎ የመዘገበው ይህ ተክል ሐረጉ አራት ማዕዘን ነው፤ በየማዕዘኑ ቀጭን ጠርዝ ወጥቶለት በእንጨትና በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ያድጋል። ዝናብ ሲገባ ተተክሎ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ወር በኋላ ይቆፈራል። ላዩ ሻካራ፣ አፈርማ፣ ቅርጹም የተንሻፈፈ ስለሆነ የማያውቀው ሰው አጠገቡ ደርሶ ዞር ብሎ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ሲቆረጥ ውስጡ ሐምራዊ ነው፤ ቢላውም ላይ የሚያሟልጭ ልጋግ ይተዋል። ጥሬውን በባዶ እጅ መላጥ እጅ ሊያሳክክ ስለሚችል ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ በረድ ሲል መላጡ ይሻላል።

በፊሊፒንሷ ቦሆል ደሴት ኪናምፓይ የሚሉት ዝርያ በመዓዛው የተመሰገነ ነው። በዚያው ደሴት ኡቤ ከእጅ አምልጦ መሬት ላይ ከወደቀ አንሥቶ መሳም የቆየ ልማድ ነው፤ በክፉ ቀን ሕዝቡን ያቆየ ሥር ነውና። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ኡቤን ማቅለሚያ ብቻ አድርጎ ማየት ይከብደኛል።

ከኡቤ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ሐምራዊው ስኳር ድንች ነው፤ ሌላው ጎደሬ። ጎደሬው ሲቆረጥ ነጭ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ስለሆነ ከቀረቡት አያሳስትም። ስኳር ድንቹ ግን ቀለሙ ከኡቤ ይበልጥ ስለሚጠቁር በዱቄት መልክ ሲመጣ ሰውን ያታልላል። ዱቄት የሚገዛ ሰው የፊት ለፊቱን ሥዕል ትቶ ከጀርባ ያለውን ዝርዝር ያንብብ።

አሁን ወደ ጣዕሙ። እውነቱን ለመናገር ኡቤ ዓይናፋር ነው። ተቀቅሎ ብቻውን ቢበላ የቫኒላ ሽታ ያለው፣ ከነጭ ቸኮሌትና ከተጠበሰ አልመንድ ጥቂት ጥቂት የወሰደ ለስላሳ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ይህ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። አንደበቱ የሚፈታው ስብ ሲያገኝ ነው። ፊሊፒኖች ይህን ከማንም በፊት ስለሚያውቁ ኡቤን የሚሠሩት በወተት፣ በቅቤና በኮኮናት ነው። ኡቤ ሃላያ የሚባለው ማርማላታ ተቀቅሎ የተፈቀፈቀ ኡቤ፣ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት እና ቅቤ በሰፊ ድስት ላይ ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት እየተማሰለ የሚወፍር ነው። ክንድ ያዝላል። ማማሰያው ከድስቱ ሥር ትንሽ ዘግየት ካለ ያርራል፤ ያረረው ደግሞ ሽታውን ለጠቅላላው ያጋባል።

እንግዲህ ማካሮኑ ሁለት ክፍል አለው፤ ቅርፊቱና መሐሉ። አብዛኛው አዘገጃጀት ኡቤውን ቅርፊቱ ውስጥ ይከትና መሐሉን በኮኮናት ክሬም ይሞላል። እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት። ግን ቅርፊቱ ምን እንደሆነ አስቡት፦ እንቁላል ነጭ፣ ስኳር፣ የአልመንድ ዱቄት። የሚገባው የኡቤ ዱቄት ደግሞ ከስምንት ወይም ከአሥር ግራም አይበልጥም። ያን ያህል ስኳር ባለበት አሥር ግራም የደረቀ ዓይናፋር ሥር ምን ብሎ ይሰማል? ቅርፊቱ ውስጥ ያለ ኡቤ ለዓይን ብቻ ነው። ለዓይንም ቢሆን በወጉ አያገለግልም፤ ምክንያቱ እንቁላሉ ነው።

የኡቤ ሐምራዊነት የሚመጣው አንቶሳያኒን ከሚባሉት ቀለሞች ነው። እነዚህ ቀለሞች ሆምጣጣ ነገር ሲያገኙ ወደ ቀይ፣ የቤኪንግ ሶዳ ባሕርይ ያለው ነገር ሲያገኙ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሸሻሉ። ቀይ ጥቅል ጎመን ላይ ሎሚ የጨመቀ ሰው ነገሩን አይቶታል። ከወጥ ቤት ምግቦች መካከል በሶዳው ወገን የሚቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዋናው ደግሞ እንቁላል ነጭ ነው። ገና እንደተጣለ ፒኤች የሚባለው የሆምጣጣነት መለኪያው 7.6 ገደማ ነው፤ ከ7 በላይ ያለው የሶዳው ወገን ነው። ከዚያ በእንቁላሉ ቅርፊት ቀዳዳዎች በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ሲሄድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ9 ያልፋል። የማካሮን ጋጋሪዎች ደግሞ እንቁላል ነጩ ቀጥኖ በቀላሉ እንዲመታ ብለው ቀናት ያስቆዩታል። በዚህ ላይ ሐምራዊ ዱቄት ሲነሰነስ ቀለሙ ዓይን እያየ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይዞራል። ከዚያ ኦቨን ይገባል፤ ላዩ ትንሽ ቡናማ ሲል ቡናማውና ሐምራዊው ተደባልቀው የጭቃ መልክ ይሰጣሉ።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ትኩስ እንቁላል መጠቀም ይቻላል፤ መቆየቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ሩብ የሻይ ማንኪያ ክሪም ኦፍ ታርታር የሚባለው ሆምጣጣ ዱቄት ወይም ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ አረፋውንም ያጸናል፣ ሐምራዊውንም በከፊል ይመልሳል። እኔ እስከዚህ ድረስ እሄዳለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጠርሙሱ ነው፦ የኡቤ ቃና ተብሎ የሚሸጠው፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የምግብ ቀለም ያለበት ፈሳሽ። ሁለት ጠብታ ይበቃል፤ ማካሮኑ ወዲያው ፎቶ የሚያምርበት ይሆናል። በጠርሙሱ የሚጠቀም ሰው ላይ አልፈርድም። ፊሊፒንስ ውስጥም ዳቦ ቤቱም እናቶችም ይጠቀሙበታል፤ «እውነተኛው እንዲህ አይደለም» እያሉ የባለቤቶቹን ምግብ ለባለቤቶቹ ማስተማር ነውር ነው። እኔ የማልጠቀምበት ቅርፊቱ ደማቅ ሲሆን በላተኛው የኡቤን ጣዕም እዚያ ስለሚፈልገው ነው። እዚያ ደግሞ የለም።

ለዚህ ሐሳቤ ያበረታኝ የባጊዮ መነኮሳት ታሪክ ነው። በተራራማዋ ባጊዮ ከተማ የመልካሙ እረኛ እኅቶች ገዳም የሚያመርተው የኡቤ ማርማላታ ፊሊፒንስ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ወደ ከተማዋ የወጣ ሰው ሳይዝ አይመለስም፤ ገቢውም የአካባቢውን ወጣቶች ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ሐምራዊው ኡቤ ሲጠፋባቸው ከነጩ የኡቤ ዝርያ ማርማላታ ሠርተው አወጡ። ነጭ። ለቀለሙ ሲባል ምንም አልጨመሩበትም። ሕዝቡም ገዛው። ኡቤ ነጭ ሆኖም ኡቤ ከሆነ የእኔ ማካሮን ግራጫ ቢሆን ምን ይጎድለዋል?

ስለዚህ አሠራሬን ገለበጥሁት። ቅርፊቱ ላይ ጥቂት ዱቄት ለመልኩ፣ እውነተኛው ኡቤ በሃላያ መልክ መሐል ላይ፣ በዙሪያው ደግሞ የኮኮናቱ ክሬም። ዓይናፋሩ ሥር አጠገቡ ስብ አገኘ።

ቅርፊቱን በፍጥነት ልንገራችሁ፤ ስለ ማካሮን ቅርፊት የተጻፈው በቂና ከበቂም በላይ ነው። ከታሪኩም አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። የፈረንሳይዋ ናንሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1792 ገዳማቸው የተዘጋባቸው ሁለት መነኮሳት ማካሮን እየጋገሩ ሲሸጡ የኖሩባት ናት፤ የእነሱ ግን ቅርፊት ብቻ፣ መሐል ላይ ምንም የሌለው ነበር። ሁለት ቅርፊት አጋጥሞ በክሬም ማጣበቅ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ላይ የመጣ ነው። በባጊዮም በናንሲም መነኮሳት መኖራቸው እኔን ያስደስተኛል፤ ጣፋጭና ገዳም በየአገሩ ተስማምተው ይኖራሉ።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ 100 ግራም እንቁላል ነጭ፣ 90 ግራም ተራ ስኳር፣ 125 ግራም የዱቄት ስኳር፣ 120 ግራም ደቀቅ ያለ የአልመንድ ዱቄት፣ 8 ግራም የኡቤ ዱቄት። በሚዛን ነው፤ ማካሮን በስኒ አይለካም። ደረቁ ሁሉ በወንፊት ይነፋል። እንቁላል ነጩ አረፋ ሲይዝ ስኳሩ ጥቂት በጥቂት እየገባ ይመታል፤ መምቻው ሲነሣ አረፋው ሳይዘነብል ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ። ሳህኑ ላይ የቅባት ወይም የአስኳል ጠብታ ካለ አረፋው አይነሣም፤ ስለዚህ እኔ ሳህኑን አስቀድሜ በሎሚ ልጣጭ እወለውለዋለሁ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው ሰውን የሚያስፈራው፤ ደረቁን ከአረፋው ጋር ማዋሃድ። እዚህ ላይ ኡቤው የራሱ አመል አለው። ዱቄቱ ስታርች የበዛበት ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል፤ ሊጡም ከተለመደው ይልቅ ይጠነክራል። ጋጋሪው «ገና ነው» ብሎ ማገላበጡን ይቀጥላል፣ አረፋው ግን እየሞተ ነው። መፍትሔው ዓይንን ከሳህኑ ሳያነሡ በዝግታ መሥራት ነው። ሊጡን በጎማ ማንኪያ ከሥር እያነሣሁ እላዩ ላይ አጥፈዋለሁ፣ ከዚያ ከሳህኑ ግድግዳ ጋር ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ። መጀመሪያ ተቆራርጦ የሚወድቅ ጓል ነው። ቆይቶ መብረቅረቅ ይጀምራል። ማንኪያውን ብድግ ሳደርግ ሳይቋረጥ እየተንጠለጠለ ከወረደ፣ እላዩ ላይ የተኛው መስመርም ቀስ እያለ ሰምጦ በሃያ ሰከንድ ገደማ ከጠፋ ደርሷል። መስመሩ ወዲያው ከጠፋ አልፏል፤ ቢጋገርም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ሊጡ በክሬም ከረጢት የመጋገሪያ ወረቀት ላይ እየተንጠባጠበ ይደረደራል፣ ትሪው ከጠረጴዛው ጋር ጠበቅ አድርጎ ይመታል፣ የቀሩት የአየር አረፋዎች በስቴኪኒ ይፈርጣሉ። ከዚያ ላዩ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ ይደርቃል፤ ግማሽ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ አንድ ሰዓት። ይህ የደረቀ ቆዳ እንፋሎቱ በላይ እንዳይወጣ ስለሚያግደው እንፋሎቱ በሥር በኩል ይወጣና ያን የታወቀ የማካሮን እግር፣ ከሥሩ ዙሪያውን የሚታየውን ሸካራ ጠርዝ፣ ይሠራል። እኔ በ145 ዲግሪ ከ15 እስከ 17 ደቂቃ እጋግራለሁ፤ እግሩ ከወጣ በኋላ ላዩ እንዳይጠቁር ፎይል ጣል አደርግበታለሁ። ኦቨን ሁሉ ዋሽቶ ነው የሚያድረው፤ ቴርሞሜትር ውስጡ ማስቀመጥ ከብዙ ብስጭት ያድናል።

የቀረው ኮኮናቱ ነው፤ ልቤ ያለውም እዚህ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ የኡቤ የልብ ጓደኛ ማካፑኖ ነው። ማካፑኖ የተለየ ዛፍ አይደለም፤ ውሃውና ሥጋው ተደባልቀው ወፍራም የረጋ ልስላሴ የሆነበት የኮኮናት ዓይነት ነው። ሥጋው ከተለመደው የተለየ ስለሆነ ውስጡ ያለው ፅንስ ብቻውን አይበቅልም፤ ስለዚህ ገበሬው ማካፑኖ ተክሎ ማካፑኖ ማብቀል አልቻለም ነበር፤ የሚያገኘው ከተራው ዛፍ አልፎ አልፎ የሚወጣውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ሎስ ባኞስ ዶክተር ኤሜሪታ ዴ ጉዝማን ፅንሱን አውጥተው በላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ሲችሉ ነው ነገሩ የተለወጠው። ዛሬ በሽሮፕ ተዘፍዝፎ በብልቃጥ የሚሸጠው የኡቤ ኬክ ባልንጀራ ይኸው ነው። ለኬክ ግሩም ነው። ለማካሮን ግን ውሃ ይበዛበታል፤ ሽሮፑ ሌሊቱን ቅርፊቱን ያሟሟዋል። ስለዚህ እኔ ወደ ኮኮናት ወተቱ ሄድሁ።

በደረቁ የተፈቀፈቀ ኮኮናት መሙላት የሚወዱ አሉ። እኔ አልወድም፤ ቅርፊቱ አፍ ውስጥ ቀልጦ ካለቀ በኋላ ኮኮናቱ ብቻውን ቀርቶ ይታኘካል። ወተቱ ግን በሙሉ ስብ ከሆነ ሁለት ነገር በአንድ ድስት ይሰጣል። ሁለት ቆርቆሮ ወተት በሰፊ መጥበሻ ላይ፣ በመካከለኛ እሳት። የወተቱን ቆርቆሮ ስትመርጡ የኮኮናቱ ድርሻ ከፍ ያለውን፣ ማወፈሪያም ያልገባበትን ውሰዱ፤ ማወፈሪያ ያለበት ወተት ዘይቱን አልለቅም ብሎ ያስቸግራል።

መጀመሪያ ነጭ አረፋ እየነፋ ይንፈቀፈቃል፣ ሽታውም ገና የጥሬ ኮኮናት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ አረፋው ተለቅ ተለቅ እያለ ይዘገያል፣ ማንኪያው የመጥበሻውን ሥር ሲያቋርጥ የሚተወው መንገድ ለአፍታ ይቆያል። እዚህ ላይ 70 ግራም ቀንሼ ለክሬሙ አስቀምጣለሁ። የቀረውን እሳቱን ዝቅ አድርጌ እቀጥላለሁ። ጠርዙ ላይ ጥርት ያለ ዘይት ብቅ ይላል፣ ወተቱ ይፈርሳል፣ በዘይቱ ውስጥ የሚዋኝ ነጭ ፍርፋሪ ይሆናል። ድምፁም ይለወጣል፤ መፍላቱ ቀርቶ መጥበስ ነው። ፍርፋሪው መጀመሪያ የገለባ መልክ ያወጣል፣ ከዚያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቡናማ ይሆናል። ከምትፈልጉት ቡናማ ጥቂት ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ የጋለው ዘይት ከእሳት ከወረደ በኋላም መጥበሱን አያቆምም። ይህ ፍርፋሪ ላቲክ ይባላል። ማኒላና አካባቢዋ በሩዝ ጣፋጭና በሃላያ ላይ የሚነሰነሰው እሱ ነው፤ በቪሳያስ ደሴቶች ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት ከኮኮናት ወተትና ከስኳር የሚፈላ ወፍራም ሽሮፕ ነው፤ ስለዚህ የምግብ አዘገጃጀት ስታነቡ ጸሐፊው ከየት እንደሆነ አስተውሉ። የተጣራውን ዘይት አልደፋውም፤ ለጥብስ ይሆናል።

ለክሬሙ 150 ግራም ነጭ ቸኮሌት አቅልጬ ትኩሱን የኮኮናት ወተት ጥቂት በጥቂት አዋህደዋለሁ፣ 30 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ከሚመስላችሁ በላይ ጨው። ነጭ ቸኮሌቱም ቅርፊቱም ስኳር ናቸው፤ ያለ ጨው ሁለተኛውን ማካሮን መብላት አይቻልም። ቅቤው የገባው ለምቾት አይደለም። የኮኮናት ስብ በ24 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ቤቱ ሞቅ ካለ ክሬሙ ከጎን ይንጠባጠባል፤ ቅቤና ቸኮሌቱ ከዚያ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጡ ይይዙታል። ክሬሙ በረድ ሲል ላቲኩን ጨፍልቄ እጨምርበታለሁ። ፍርፋሪው በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ የክሬሙን እርጥበት ቶሎ አይጠጣም፤ በማግሥቱም ጥርስ ሥር ሲገባ ኮሽ ይላል።

ክሬሙን ቅርፊቱ ላይ በክብ ዙሪያውን አድርጌ መሐሉን ክፍት እተወዋለሁ፤ እዚያ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሃላያ ትገባለች። ሃላያው ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ከማንኪያ የማይወርድ። ላላ ያለ ከሆነ እንደገና መጥበሻ ላይ አድርጎ ውሃውን ማትነን ነው። ሁለተኛው ቅርፊት ይከደናል፣ ማካሮኖቹ በክዳን ዕቃ ውስጥ ፍሪጅ ይገባሉ፣ አንድ ቀን ሙሉም ያድራሉ። በዕለቱ የሚበላ ማካሮን ቅርፊቱ ደረቅ፣ መሐሉ ለብቻው ነው። አንድ ቀን ሲያድር ከክሬሙ የሚወጣው ጥቂት እርጥበት ቅርፊቱን ከውስጥ ያለሰልሰዋል፣ ላዩ ግን ሳይሰበር ይቆያል። ከመብላት በፊት ግማሽ ሰዓት ከፍሪጅ ይውጡ፤ ቀዝቃዛ ስብ የኡቤውን መዓዛ አፍኖ ይይዘዋል፤ ያ ሁሉ ልፋት ለእሱ ነበር።

እንግዶች የመጀመሪያውን ሲያነሡ ፊታቸውን አያለሁ። «ኡቤ አላልሽም እንዴ?» የሚሉኝ አሉ፤ ሐምራዊ ጠብቀው ነው። ሲነክሱት ሐምራዊው መሐል ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። ሃላያው ያለ ጠርሙስም ቀለሙን በደንብ ይይዛል፤ እንቁላል ነጭ አልነካውምና።

የሚተርፈው አስኳሉ ነው። ስፔኖች ፊሊፒንስን በሚገዙበት ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲገነቡ እንቁላል ነጩ ለግንብ ማጣበቂያ ይገባ ነበር፣ የተረፈውም አስኳል ለጣፋጭ ዋለ ይባላል። እውነት ይሁንም አይሁን አስኳል የሚፈጀው የወተት ጣፋጭ፣ ሌቼ ፍላን፣ የአገሩ ተወዳጅ ነው፤ ሃሎሃሎ በሚባለው የበረዶ ጣፋጭ ላይም ከኡቤ ሃላያ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ስለዚህ የእኔም አስኳል ወደዚያ መሄድ አለበት። ችግሩ ሒሳቡ ነው፤ አንድ ዙር ማካሮን የሚያስተርፈው ሦስት አስኳል ሲሆን አንድ ደህና ሌቼ ፍላን አሥር ይፈልጋል። ፍላኑን ለመሥራት ማካሮኑን ደጋግሞ መጋገር ግድ ነው፤ ቤተሰቤም እስካሁን አልተቃወመም።